አሳኮ ታካኩራ ማን ናት? ስለ ጃፓኗ ተጫዋችና አሰልጣኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጃፓን የሴቶች እግር ኳስ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የ2011 የዓለም ዋንጫ ኮከቧ የሆማሬ ሳዋ ስም ነው። ይገባታልም። ወሬው ትንሽ ጠለቅ ሲል ግን ሌላ ስም ይከተላል፤ አሳኮ ታካኩራ። የዚህች ሴት ነገር ገራሚ ነው። ስትጫወት ተመልካች አልነበረም። ስታሰለጥን ደግሞ ተመልካቹ ዋንጫ ለምዶ ነው የጠበቃት። ስለሷ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሳኮ ታካኩራ ማን ናት?

በሚያዝያ 1968 በፉኩሺማ ግዛት ተወለደች። የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነበረች። ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን 79 ጊዜ ተሰልፋለች። በሁለት የዓለም ዋንጫዎችና በአንድ ኦሊምፒክ ተጫውታለች። ከ2016 እስከ 2021 ደግሞ የዚያው ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነች። ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1981 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሷ እስክትመጣ ድረስ በአሰልጣኙ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የኖሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ታካኩራ የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ኳስ የጀመረችው የት ነው?

ፉኩሺማ ውስጥ፣ ከወንዶች ጋር። በዚያ ዘመን በጃፓን ክፍለ ሀገር ኳስ የምትወድ ልጅ ከወንዶች ጋር ትጫወታለች፣ ካልሆነም ትተወዋለች። ሦስተኛ ምርጫ የለም። ታካኩራ ሦስተኛውን ራሷ ፈጠረች። ገና ተማሪ እያለች ቅዳሜና እሁድ ከፉኩሺማ ቶኪዮ እየተመላለሰች ኤፍሲ ጂናን በሚባል ክለብ መጫወት ጀመረች። መንገዱ ለአንድ ጉዞ ብቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኋላ ዮሚዩሪ ቤሌዛን ተቀላቀለች። ቤሌዛ እስከ ዛሬም በጃፓን የሴቶች ኳስ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ቤት ነው።

ዘመኑን ለመረዳት አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የጃፓን ሴቶች ሻምፒዮና ሲካሄድ በአንድ ቡድን 8 ተጫዋች ብቻ ነበር የሚሰለፈው። እያንዳንዱ አጋማሽ 25 ደቂቃ ነው። ኳሷም ልጆች የሚጫወቱባት ትንሿ ኳስ ናት። ሴት ልጅ 90 ደቂቃ ትሮጣለች ብሎ የሚያምን አልነበረም። ታካኩራ ኳስ የተማረችው እንዲህ ባለ ዘመን ነው።

ለብሔራዊ ቡድን መቼ ተጠራች? ምንስ ሠራች?

በ1984፣ በ16 ዓመቷ። ቻይና ውስጥ፣ ሺያን ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገ ጨዋታ። እስከ 1999 ድረስ በቡድኑ ቆይታ ወደ 30 የሚጠጉ ጎሎች አስቆጥራለች። ለአማካይ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ውጤቱ ግን መራራ ነበር። በ1991 ቻይና ያስተናገደችው የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ጃፓን በብራዚል 1 ለ 0፣ በስዊድን 8 ለ 0፣ በአሜሪካ 3 ለ 0 ተሸነፈች። 3 ጨዋታ፣ 12 ጎል ገባባት፣ አንድም አላገባች። በ1995 ስዊድን ላይ ነገሩ ትንሽ ተሻሻለ። ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፈው ሩብ ፍጻሜ ገቡ፣ እዚያ አሜሪካ 4 ለ 0 አሰናበተቻቸው። ሩብ ፍጻሜ መግባታቸው ግን የ1996ቱን የአትላንታ ኦሊምፒክ ትኬት ቆረጠላቸው። አትላንታም ሄደው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ።

ስዊድንን ልብ በሉልኝ። በኋላ ትመለሳለች።

በተጫዋችነቷ ታዋቂ ነበረች?

ኳስ ለሚከታተል ሰው አዎ። ለመንገደኛው አይደለም።

ቤሌዛ ከ1990 እስከ 1993 አራት ጊዜ በተከታታይ የሊጉን ዋንጫ በልቷል። ታካኩራም የዚያ ቡድን ሞተር ነበረች። ችግሩ በ1993 የወንዶቹ ጄ ሊግ ተጀመረ። የጃፓን ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ፣ ማስታወቂያ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። የሚያስቀው ደግሞ የዚያ ሊግ ትልቁ ስም ቬርዲ ካዋሳኪ መሆኑ ነው። የቤሌዛ ወንድም ክለብ ማለት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ስም። ወንዶቹ እነ ካዙ ሚዩራ እንደ ፊልም አክተር ይታዩ ነበር። ሴቶቹ ግን በዚያው ቤት ውስጥ የሚያያቸው አልነበረም።

የሴቶቹ ሊግ ያኔ ገንዘብ አልነበረውም ማለት አይደለም። ትልልቅ ኩባንያዎች ቡድን ይዘው ነበር። እንደ ኖርዌዮቹ ሄጌ ሪዘና ሊንዳ ሜዳለን ያሉ ምርጥ የውጭ ተጫዋቾችም ይመጡ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ኢኮኖሚው ተቀዛቀዘ። ብሔራዊ ቡድኑም ለሲድኒ ኦሊምፒክ ሳያልፍ ቀረ። ኩባንያዎቹ አንድ በአንድ ቡድናቸውን ዘጉ። ሳዋ ወደ አሜሪካ ሄደች። ታካኩራም በዚያው ሰሞን ለጥቂት ጊዜ አሜሪካ ተጫውታለች።

ሕዝቡ ወደ ሴቶቹ ኳስ የዞረው በ2004 ነው። በኦሊምፒክ ማጣሪያ ጃፓን ሰሜን ኮሪያን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ቶኪዮ በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም ውስጥ ከ31 ሺህ በላይ ሰው ነበር። «ናዴሺኮ ጃፓን» የሚለው የቡድኑ ቅጽል ስምም በዚያው ዓመት ከሕዝብ ከተሰበሰቡ ስሞች መካከል ተመረጠ። ታካኩራ ያኔ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ካወለቀች ዓመታት አልፈዋል። ግብዣው የደመቀው እሷ ከወጣች በኋላ ነው።

ከሆማሬ ሳዋ ጋር አብረው ተጫውተዋል?

አዎ፣ በቤሌዛም በብሔራዊ ቡድንም። ሳዋ አሥር ዓመት ታንሳታለች። በ1993 ሳዋ ገና በ15 ዓመቷ ለጃፓን ስትሰለፍ ታካኩራ ታላቅ እህት ነበረች። በ1995ቱ የዓለም ዋንጫና በአትላንታም አብረው ነበሩ። ሳዋ ከዚያ በኋላ የደረሰችበትን ሁሉም ያውቃል፤ የ2011 የዓለም ዋንጫ፣ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋችና ኮከብ ጎል አግቢ፣ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች።

ወደ አሰልጣኝነት እንዴት ገባች?

ከታች። ይሄ ስለሷ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ታዋቂ ተጫዋች ነበርኩና ትልቁን ቡድን ስጡኝ አላለችም። የአሰልጣኝነት ፈቃዷን ደረጃ በደረጃ ይዛ እስከ ከፍተኛው ደረሰች። በጃፓን እግር ኳስ ማኅበር ስር ታዳጊ ሴት ልጆችን ስታሰለጥን ዓመታት አሳለፈች። ከ2012 ጀምሮም የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ የሴቶች አሰልጣኝ ሽልማትን ደጋግማ ወስዳለች። ልብ በሉ፣ ያን ሽልማት መውሰድ ስትጀምር የምታሰለጥነው ዋናውን ቡድን ሳይሆን ልጆችን ነበር።

ትልቁ ቀን በሚያዝያ 2014 ኮስታሪካ ላይ መጣ። ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ነው። ጃፓን ሁሉንም ጨዋታ አሸነፈች። ስፔንን በምድቡም በፍጻሜውም ገጥማ ሁለቴም 2 ለ 0 ረታቻት። ሂና ሱጊታ የውድድሩ ወርቃማ ኳስ ተሸላሚ ሆነች። ዩዪ ሃሴጋዋም እዚያ ነበረች። በተሸናፊው የስፔን ቡድን ውስጥ ማን ነበረች ካላችሁ፣ በኋላ የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሆነችው አይታና ቦንማቲ። ስፔኖቹ ኳስ ይዞ በመጫወት የሚታወቁ ናቸው። እነሱን በራሳቸው ጨዋታ የበለጡት ግን የታካኩራ ልጆች ናቸው። ያን ቡድን ያየ ሰው አሰልጣኟ ማን ናት ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም።

ዋናውን ቡድን የተረከበችው በምን ሁኔታ ነው?

ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው የተረከበችው።

ኖሪዮ ሳሳኪ ቡድኑን ከ2008 ጀምሮ ይዞ የ2011ን የዓለም ዋንጫ አምጥቷል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ብር፣ በ2015 ደግሞ የዓለም ዋንጫ ሁለተኛ ሆኗል። በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን ኦሳካ ውስጥ፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት፣ ለሪዮ ኦሊምፒክ ማለፍ አቃታቸው። ሳሳኪ ወረደ። የ2011 ጀግኖችም እየተሰናበቱ ነበር። ሳዋ ከጥቂት ወራት በፊት ጫማዋን ሰቅላለች።

ሚያዝያ 2016 ላይ ታካኩራ ተሾመች። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከዓለም ሻምፒዮኗ አሜሪካ ጋር፣ ኮሎራዶ ላይ ነበር። 3 ለ 3 ወጡ። ለመጀመሪያ ቀን ማን ይጠላል? በዚያው ዓመት ከ20 ዓመት በታች ቡድኑንም ደርባ ይዛ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ አደረገችው።

በሷ ጊዜ ጃፓን ምን አሸነፈች?

በእስያ ደረጃ ሁሉንም ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 2018 ዮርዳኖስ ላይ የእስያ ዋንጫን በላች። በፍጻሜው አውስትራሊያዎች ሲያጠቁ ዋሉ። ግብ ጠባቂዋ አያካ ያማሺታ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኩሚ ዮኮያማ ከሳጥኑ ውጪ መትታ አገባች። 1 ለ 0። ነሐሴ ላይ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ቻይናን 1 ለ 0 አሸንፈው ወሰዱ። ጎሏ የገባችው 90ኛው ደቂቃ ላይ ነው። በ2019 የምሥራቅ እስያን ዋንጫ ጨመሩበት።

ከእስያ ውጪ ግን ዋንጫ የለም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

በ2019 የዓለም ዋንጫ ምን ተፈጠረ?

ፈረንሳይ የሄደው ቡድን ወጣት ነበር። አብዛኞቹ ዓለም ዋንጫ አይተው አያውቁም። ከአርጀንቲና 0 ለ 0 ወጡ፣ ስኮትላንድን 2 ለ 1 አሸነፉ፣ በእንግሊዝ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በጥሎ ማለፉ ሬን ከተማ ላይ ኔዘርላንድስ ጠበቀቻቸው።

ይሄን ጨዋታ ትንሽ ልዘርዝረው። ሊከ ማርተንስ ከማዕዘን ምት የመጣችን ኳስ ጨርፋ በ17ኛው ደቂቃ አገባች። ጃፓኖች አልደነገጡም። ከዕረፍት በፊት ኳሱን በሳጥኑ ዙሪያ አሽከርክረው ለሃሴጋዋ አደረሱላት፣ እሷም በእርጋታ አስቀመጠችው። ተከላካዮቹ ኳሱ በየት እንዳለፈ እንኳ የገባቸው አይመስልም። በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳው የጃፓን ሆነ። ሱጊታ የመታችው ኳስ አግዳሚውን ገጭቶ ተመለሰ። ኔዘርላንድሶች ደክሟቸው ነበር። ጎሉ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ሲባል 90ኛው ደቂቃ ደረሰ። ቪቪያኔ ሚዴማ የመታችው ኳስ በሳጥኑ ውስጥ የሳኪ ኩማጋይን እጅ ነካ። ዳኛዋ ነጥቡን ጠቆመች። ማርተንስ አገባች። 2 ለ 1፣ አለቀ።

ኩማጋይ ማለት በ2011 ፍጻሜ አሜሪካ ላይ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት አግብታ ጃፓንን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገችው ናት። አሁን ደግሞ የታካኩራ አምበል ነበረች። ኳስ አንዳንዴ እንዲህ ጨካኝ ነው።

ውጤቱን ብቻ ያየ «በጥሎ ማለፍ መጀመሪያ ተሰናበቱ» ይላል። ጨዋታውን ያየ ሌላ ነገር ይናገራል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ኔዘርላንድስ እስከ ፍጻሜው ሄዳለች፣ የዚያን ቀን ግን የተሻለው ቡድን ጃፓን ነበር።

ቶኪዮ ኦሊምፒክስ?

ኦሊምፒኩ በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ተገፋ። ሲደርስም ስታዲየሞቹ በአብዛኛው ባዶ ነበሩ። በአገርህ ተጫውተህ አገርህ አለማየቱ ምን ይባላል? ሳፖሮ ላይ ከካናዳ 1 ለ 1 ወጡ። ሚና ታናካ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተች፣ ማና ኢዋቡቺ ዘግይታ አቻ አደረገች። በብሪታንያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ሚያጊ ላይ ቺሊን 1 ለ 0 አሸንፈው አለፉ።

ሩብ ፍጻሜው ሳይታማ ላይ ነው። ተጋጣሚ? ስዊድን። ማግዳሌና ኤሪክሰን ገና በጠዋቱ በጭንቅላት አገባች። ታናካ አቻ አደረገች። ከዕረፍት መልስ ብላክስቴኒየስና አስላኒ ጨመሩ። 3 ለ 1። በ23 ዓመቷ በስዊድን 8 ለ 0 በተሸነፈው ቡድን ውስጥ የነበረችው ሴት፣ ሠላሳ ዓመት ቆይታ በአሰልጣኝነትም በስዊድን ተሰናበተች። በዚያው ክረምት ኃላፊነቷን ለቀቀች።

ታዲያ ተወዳጅ ናት ወይስ አይደለችም?

በጣም የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ የሚወሰነው ማንን ትጠይቃላችሁ በሚለው ነው።

ደጋፊውን ብትጠይቁ ለሁለት የተከፈለ ነው። የሚወቅሷት ሰዎች ክሳቸው ባዶ አይደለም። ቋሚ አሥራ አንድ ለማግኘት በጣም ቆየች። ተጫዋች ትጠራለች፣ ትሞክራለች፣ ትቀይራለች። ቡድኑ ኳስ ይይዛል፣ ሳጥኑ አካባቢ ሲደርስ ግን ጥርስ ያጣል። በአካል ከሚጠነክሩ የአውሮፓ ቡድኖች ጋር ሲጋጠም ሁለተኛ መላ አልነበራትም። እኔም ቶኪዮ ላይ ይሄን አይቻለሁ። የስዊድኑ ጨዋታ የሬኑን ያህል የሚያስቆጭ አልነበረም። በግልጽ ተበልጠዋል።

ክርክሩ የሚበላሸው ከ2011 ጋር ሲያነጻጽሯት ነው። የ2011 ድል ተራ ድል አልነበረም። መጋቢት 11 ቀን ያ ሁሉ መሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደርሷል። ከአራት ወር በኋላ ሐምሌ 17 ቀን ፍራንክፈርት ላይ ሴቶቹ ዋንጫ አነሱ። በሐዘን ላይ ለነበረ ሕዝብ ያ ዋንጫ ሌላ ነገር ነበር። መንግሥት ለቡድኑ የሕዝብ ክብር ሽልማት ሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጣ አሰልጣኝ ሁሉ የሚመዘነው በዚያ ሚዛን ነው። ማን ይደርሳል? ዓለም ዋንጫ ራሱ ቢመጣ የዚያን ዓመት ስሜት አይመልስም።

ተጫዋቾቹንና የታዳጊ አሰልጣኞችን ብትጠይቁ ግን ሌላ ትሰማላችሁ። ታካኩራ ተጫዋች ሜዳ ላይ ራሷ አይታ ራሷ እንድትወስን የምትፈልግ አሰልጣኝ ነበረች። ይሄ ለውጤት ጊዜ ይፈልጋል፣ ለተጫዋች እድገት ግን ፍቱን ነው። የሳዋን ያህል ፊቷ ቢልቦርድ ላይ አልወጣም። በኳሱ ቤት ውስጥ ግን ስሟ ሲጠራ ሰው ይነሳል። ለኔ ይሄኛው ዝና ይበልጣል።

ከፉኩሺማ መሆኗ ለምን ይነሳል?

የፉኩሺማ ስም ከ2011 ጀምሮ ከኒውክሌር አደጋው ጋር ስለተያያዘ። የሴቶቹ ኳስ ደግሞ ከዚያ ግዛት ጋር ከሚታሰበው በላይ የተቆራኘ ነው። ጄ ቪሌጅ የሚባለው የብሔራዊ ቡድኑ ማሰልጠኛ ማዕከል እዚያው ነው። ከአደጋው በኋላ ሜዳዎቹ የኒውክሌር ጣቢያውን ለማረጋጋት የሚሠሩ ሰዎች ሰፈር ሆኑ። እዚያ የነበረው የታዳጊዎች አካዳሚ ወደ ሌላ ግዛት ተዛወረ። የጣቢያው ባለቤት የሆነው የኤሌክትሪክ ኩባንያ የራሱ የሴቶች ቡድን ነበረው፣ እሱም ፈረሰ። በ2011 ሩብ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት ጀርመንን የጣለችው ካሪና ማሩያማ ለዚያ ቡድን የተጫወተች፣ በኩባንያውም ተቀጥራ የሠራች ናት።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ ችቦ መጋቢት 2021 ጉዞውን የጀመረው ከጄ ቪሌጅ ነው። መጀመሪያ የያዙትም የ2011 ሻምፒዮኖች ናቸው። ለግዛቱ ልጅ ለታካኩራ ኦሊምፒኩ የሥራ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ያሳደገቻቸው ተጫዋቾች የት ደረሱ?

ሃሴጋዋ ማንቸስተር ሲቲ ገብታ ከእንግሊዝ ሊግ ምርጥ አማካዮች አንዷ ሆናለች። ታካኩራ በ19 ዓመቷ ለዓለም ዋንጫ ይዛት የሄደችው ጁን ኤንዶ እሷም የፉኩሺማ ልጅ ናት። ወደ አሜሪካ ሄዳ ለኤንጅል ሲቲ ተጫውታለች። ሱጊታም አሜሪካ ፖርትላንድ ወርዳለች።

በ2023 የዓለም ዋንጫ ዌሊንግተን ላይ ጃፓን ስፔንን 4 ለ 0 ስትቀጣ በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ የኮስታሪካውን ጨዋታ የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩ። ሃሴጋዋ በዚህ በኩል፣ ቦንማቲ በዚያ በኩል። ስፔን ተነስታ ዋንጫውን በላች። ጃፓንን ደግሞ ሩብ ፍጻሜ ላይ ማን አሰናበታት? አዎ፣ ስዊድን።

ከሷ ሌላ ተጫዋች የነበሩ ሴት አሰልጣኞች በጃፓን አሉ?

አሉ፣ ግን ብዙ አይደሉም። ቀድማ መንገዱን የጠረገችው ሚዶሪ ሆንዳ ናት። እሷም የቤሌዛ ልጅ ናት፣ በ1991ዱ የዓለም ዋንጫም ነበረች። የጃፓንን ከፍተኛ የአሰልጣኝነት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኦካያማ ዩኖጎ ቤል የሚባል የክፍለ ሀገር ቡድን ከመነሻው ይዛ አሳደገች፤ የ2011 ሻምፒዮኗ አያ ሚያማ ስሟን የሠራችበት ክለብ ነው። በኋላ ኡዝቤኪስታን ሄዳ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኑን ያዘች። ለፓሪስ ኦሊምፒክ በተደረገው ማጣሪያ ኡዝቤኪስታን ከእስያ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዷ ሆነች። በመጨረሻ አውስትራሊያ ክፉኛ ቀጣቻቸው፣ ቢሆንም እዚያ መድረሳቸው ራሱ ወሬ ነበር።

ኤትሱኮ ሃንዳም አለች። እሷም የ1991 እና የአትላንታ ተጫዋች ናት። በ2021 የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ዊ ሊግ፣ ሲጀመር የሳይታማውን ኤልፈን ይዛ ነበር። ሊጉ ክለቦች ሴቶችን በአሰልጣኝ ክፍሉና በአመራሩ ውስጥ እንዲያስገቡ በደንቡ ላይ አስቀምጧል። ደንብ ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነው። ዋናው ወንበር ላይ የሚቀመጡት አሁንም በብዛት ወንዶች ናቸው።

ከታካኩራ በኋላ ቡድኑን ማን ያዘው?

ፉቶሺ ኢኬዳ፣ ከ2021 እስከ 2024። ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ያደረገው ሰው ነው። በዚያ ድል ጃፓን በሴቶች በሦስቱም የዕድሜ እርከኖች ዓለም ዋንጫ የበላች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። አንዱ እርከን የታካኩራ መሆኑን አትርሱ። ከኢኬዳ ቀጥሎ በ2024 መጨረሻ ዴንማርካዊው ኒልስ ኒልሰን ተሾመ፣ የመጀመሪያው የውጭ አገር አሰልጣኝ። በጥቂት ወራት ውስጥ አሜሪካን በሜዳዋ አሸንፎ እሷው የምታዘጋጀውን የሺቢሊቭስ ዋንጫን ወሰደ።

ጨዋታዎቿን ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከሬኑ ጀምሩ፣ ጃፓን ከኔዘርላንድስ፣ 2019። አጭር ቅንጭቡ በፊፋ የዩቲዩብ ገጽ ላይ አለ። የሃሴጋዋን ጎል ሁለት ሦስቴ መልሳችሁ እዩት። ከዚያ የ2018ቱን የእስያ ዋንጫ ፍጻሜ። ጊዜ ከተረፋችሁ የ2014ቱን የታዳጊዎች ፍጻሜ ፈልጉ። ጥራቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፣ ኳሱ ግን ይታያል። የቶኪዮውን የስዊድን ጨዋታ ብትዘሉት አልፈርድባችሁም።